ማነጻጸሪያዋ

«ጋሼ እንዳያናግራት ንገሪው። እሷ ማነጻጸሪያ ናት» አለ ጥርስ ሠሪው ወጥ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጋሼ የሚለው አጎቱን ነው። አጎትየው ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእሱ ጆሮ ግን ዕድሜውን ሙሉ ቁልፍ ሲያዳምጥ የኖረ ነው፤ የብረት ምላስ ቦታው ላይ ሲወድቅ ከወፍራም መዝጊያ ማዶ ይሰማዋል። ማሰሪያውን ፈትቶ ጨረሰ፤ መልሶ አሰረው፤ እንደገና ፈታው። የእህቱ ልጅ ሚስት ምን ብላ እንደምትመልስ ሊሰማ ነው። እሷ ግን ቧንቧውን ከፈተች።

የመጣው እህቱን ሊያይ ነው። ታላቁ ናት። ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው። ከጥቂት ወራት ወዲህ በስልክ ሲጠይቃት አትቀርብም። «ደኅና ናት፤ ግን ቃል እየጠፋባት ነው፤ ስልክ አትይዝም» ይሉታል። እሱ ሚስቱን ቀብሯል፤ ልጅ የለውም፤ ቁልፍ የሚቀርጽባትን ሱቅ ከዘጋ ወዲህ ድምፁን አውጥቶ ሳይናገር የሚውልበት ቀን አለ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ከእህቱ አፍ አንድ ቃል መስማት። ምንም ይሁን። ቁጣም ቢሆን።

ሳሎኑ ሰማያዊ ነው። መጋረጃው በቀን ተዘግቷል። ድሮ ቴሌቪዥን የነበረበት ግድግዳ ላይ አሁን ከዳር እስከ ዳር የመስታወት ገንዳ ቆሟል፤ ከላዩ የተንጠለጠለው መብራት ውሃውንም፣ ሶፋውንም፣ የሰዉንም ፊት ሰማያዊ ያደርገዋል። ቤቱ የባሕር ጨው ይሸታል። ፓምፑ አያርፍም፤ አንድ ሰው ከጎንህ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስላል። ውሃው ውስጥ ጥቂት ዓሦች አሉ፤ የአንደኛዋ ዋጋ ሲነገረው ቁልፍ ሠሪው የወር የቤት ኪራዩን አሰበ። የሚበዛው ግን ዓሣ አይደለም። ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ ክር የሚያህሉ ጣቶች አሉ፤ ይከፈታሉ፣ ይወዛወዛሉ፣ ጥላ ሲያርፍባቸው ይሰበሰባሉ።

«ይኼ ድንጋይ ነው?»

«እንስሳ ነው ጋሼ። ኮራል ይባላል። ነፍስ አለው።»

«አይናገር፣ አይናከስ፣ ብድር አይጠይቅ። ጥሩ ጎረቤት ነው።»

ጥርስ ሠሪው ሳቀ። ስለ ገንዳው የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ማኅበር አላቸው። ሁሉም ቤታቸው እንዲህ ያለ ገንዳ አላቸው፤ አብረው ሙከራ ይሠራሉ። አንዲት እናት ኮራል አለች። ከእሷ እኩል እኩል ቁራጭ እሱ ራሱ በጥርስ መቁረጫው ዲስክ ይቆርጣል፤ በሙጫ ትንንሽ ሸክላ ላይ ይለጥፋል፤ ለየሰው ሁለት ሁለት ያድላል። አንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ነገር ይቀይራሉ፤ ሁለተኛውን እንዳለ ይተዉታል። ጥቂት ወር ቆይተው ተሰብስበው ያስተያያሉ። አንድ ጊዜ፣ ሻጮች ለቀለም ይጠቅማል ብለው በውድ የሚሸጡላቸውን ጠብታ እንዲህ ሞከሩት። ያገኘውም ያላገኘውም ቁራጭ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። «ያን ቀን ሁላችንም ጠርሙሱን ቆሻሻ ውስጥ ከተትን» አለ ጥርስ ሠሪው፤ ዓይኑ እያበራ። «ስንት ዓመት ስንገዛው! ሻጭ ያወራል ጋሼ፣ መጽሐፍ ያወራል፣ ቀድሞ የገባበት ሁሉ ያወራል። እኛ አናወራም። አንድ ነገር ብቻ እንቀይራለን፣ ሌላውን እንተዋለን፣ እንጠብቃለን። ዋናው የተተወው ነው። እሱ ከሌለ ምንም አታውቅም።»

«እናትህስ?» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«ደኅና ናት» አለ ጥርስ ሠሪው፤ ጣቱን ወደ ኮሪደሩ ቀስሮ።

ኮሪደሩ ዳር ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ናቸው። ሁለቱም በሮች ገርበብ ያሉ ናቸው፤ እኩል ገርበብ ያሉ። በመጀመሪያው ክፍል የሚስትየው እናት ትኖራለች፤ በሁለተኛው የእሱ እህት። አልጋው አንድ ዓይነት ነው፤ መጋረጃው፣ መብራቱ፣ የውሃ ብርጭቆው፣ ወንበሩ የቆመበት ቦታ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ሰው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ሲገባ መልሶ እዚያው የገባ ይመስለዋል። የልጁ ሚስት በር ላይ አገኘችው። «ጋሼ፣ ብዙ ባያናግሯት ይሻላል። ይደክማታል» አለችው። ዓይኑን አላየችውም። ቁልፍ ሠሪው «እሺ ልጄ» አለ።

እህቱ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ተበጥሯል፤ ጥፍሯ ተቆርጧል፤ ሹራቧ ታጥቦ ተተኩሷል። በደንብ ባልተያዘ ሰው ላይ የሚታይ አንድም ምልክት የለባትም። አየችው። አወቀችው፤ ይኼን ለመለየት ሐኪም አያስፈልግም። አጠገቧ ሲቀመጥ እጇን ዘርግታ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። አፏ ግን አልተከፈተም። «እታለም፣ እኔ ነኝ እኮ» አላት በሹክሹክታ። እህቱ እሱን ትታ በሩን አየች። እጁን ያዘችው፤ እሱም ይዟት ተቀመጠ። ከግድግዳው ማዶ ሚስትየው ለእናቷ ጋዜጣ ጮክ ብላ ታነባለች። አንብባ ትጠይቃለች፤ ጠይቃ ታነባለች። ይኼ ድምፅ በግድግዳው አልፎ እዚህኛው ክፍል ሲደርስ ቃሉ ይቀርና ዜማው ብቻ ይመጣል። እህቱ ራሷን ዘንበል አድርጋ ዜማውን ታዳምጥ ነበር።

ምሳ ሾርባና ዳቦ ነበር። ሾርባው ለሁለቱ አሮጊቶች በአንድ ጭልፋ፣ በአንድ ልክ ተቀዳ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ አማቲቱ ዞረ። ጥርስ ሠሪው ይጠይቃታል፤ ሚስቱ ትቀበለዋለች።

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ። ትናንት ዓርብ ነበር። ነገ እሑድ ነው። አሁን ልብላ?»

«ጠዋት ምን ነበር ያነበብንልዎ?»

«ስለሞተ ሰው።»

«ማን ነበር የሞተው?»

«እኔ ምን አውቄ። ግን ተገላገለ፤ የሚጠይቀው የለም።»

ሁሉም ሳቁ። ሚስትየው ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። አማቲቱ አልሳቀችም። ወደ ቁልፍ ሠሪው ጠጋ ብላ «የእርሷን ወንበር ቢሰጡኝ ምን አለበት?» አለችው፤ በማንኪያዋ እህቱን እያሳየች። እህቱ ሾርባዋን በዝግታ ትጠጣለች። ዳቦዋን ልጇ ራሱ ቆራርሶ አቀረበላት፤ አገጯ ላይ የወረደውን በናፕኪን ጠረገላት። እጁ ለስላሳ ነበር። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሯል። እናቱ ጨው ፈልጋ ስትዘረጋ ሦስት እጅ አንድ ላይ ጨው አቀበላት፤ አንድም አፍ አልተነፈሰም። ቁልፍ ሠሪው «እንኪ እታለም» ሊል አፉን ከፈተ። ጥርስ ሠሪው አየው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ የለም። ልመና ነው ያለው። ሽማግሌው አፉን ዘጋ። ለምን እንደዘጋው በኋላም አልገባውም።

ከምሳ በኋላ የእህቱን ልጅ ተከትሎ ወደ ጓዳው ገባ። ሥራ ቤቱ ነው። መደርደሪያው ላይ ከጀሶ የተሠሩ የሰው መንጋጋዎች ተደርድረዋል፤ አፍ ብቻ፣ ከነጥርሱ፣ ያለ ፊት። ቁልፍ ሠሪው በሩን ዘጋና «ንገረኝ» አለው።

ጥርስ ሠሪው አልደበቀውም። የሚደበቅ ነገር ያለው አልመሰለውም። ሁለቱ እናቶች በዕድሜ ይቀራረባሉ። ሁለቱም በአንድ ሰሞን ቃል ይጠፋቸው ጀመር። ሐኪሙ «አናግሯቸው፤ ሊረዳ ይችላል» አለ። «‹ይችላል› ምን ማለት ነው ጋሼ? ሻጮቹም እኮ እንዲሁ ነው የሚሉት።» አንድ ቤት፣ አንድ ምግብ፣ አንድ ብርሃን፣ ሁለት አሮጊት። እንዲህ ያለ ምቹ ነገር ከየት ይገኛል። አንደኛዋን ሊያናግሩ፣ ሁለተኛዋን እንዳለች ሊተዉ ተስማሙ። ንግግር የሚረዳ ከሆነ ኋላ ለሁለቱም ይሆናል። «የሚስቴን እናት ትቼ የራሴን ባናግር ሰው ምን ይለኛል? ለእናቱ አዳላ ነው የሚለኝ። አማቱን በደለ ነው የሚለኝ። ስለዚህ የራሴን ተውኩ» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባውም እውነተኛ ነበር።

«እንዳለች ነው የተዋችኋት?»

ጥርስ ሠሪው አንዱን የጀሶ መንጋጋ አንሥቶ አገላበጠ። «መጀመሪያ ሰላምታ አልተውንም ነበር። እንደምን አደርሽ እላት ነበር። ከዚያ መምህሩ፣ የማኅበራችን ሰው ነው፣ ‹ሰላምታም እኮ ንግግር ነው› አለ። እውነቱን ነው።» መንጋጋውን ቦታው መለሰ። «ስሟን መጥራትም ተውን።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቁልፍ ሠሪው ይኼን አሰበ እንጂ አልተናገረውም። «እስከ መቼ ነው?» አለ።

«እስኪለይ ድረስ።»

«ምኑ?»

«ልዩነቱ።»

«እኔ ዘንድ ልውሰዳት። ክፍሌ አንድ ናት፤ ግን አልጋ አይጠፋም።»

«ሙከራው ይለቅ ጋሼ። ያኔ በደስታ።»

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሰዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ የፋርማሲ ባለቤት የሆነች ጎልማሳ ሴት፣ አሳንሰር ጠጋኝ፣ የሒሳብ መምህር። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ገቡ። እያንዳንዳቸው ቁራጮቻቸውን ውሃ በተሞላ ባለ ክዳን ዕቃ ይዘዋል፤ እንደ ሕፃን ከደረታቸው አስጠግተው። ጠጋኙ ወፍራም ነው፣ ተጫዋች ነው። «ሰው ሁሉ በኔ ሊፍት ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮራሌ ብቻ አልወጣ አለ» ሲል ሳቁለት። ቁራጮቹን ትሪ ላይ ደረደሩ። ዘንድሮ የሞከሩት ምግብ ነው፤ አንደኛው ቁራጭ ደቅቆ የተፈጨ ምግብ ይሰጠዋል፤ ሌላው ብርሃን ብቻ። አጎነበሱ፣ ለኩ፣ ተከራከሩ። የበላው አደገ፤ ግን በጥቂቱ። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ፤ «ጥቂት ነው፤ ሌላ ዙር ይደገም» አለ። ፋርማሲስቷ የራሷ ቁራጭ አንዱ እንደሞተባት ሳትሸፋፍን ተናገረች፤ እጇን ሳትታጠብ ገንዳ ውስጥ ስለከተተች ነው። ማንም አልወቀሳት። እውነት የሚነገርበት ክፍል ነበር። ቁልፍ ሠሪው ከሶፋው ሆኖ ሲያያቸው ወደዳቸው። የከፋውም ይኼ ነው።

ሻይ ሳይቀርብ ጥርስ ሠሪው «እንይ?» አለ። ሳቁ ቆመ። ሁሉም ተነሥተው በካልሲያቸው ድምፅ ሳያሰሙ ኮሪደሩን ያዙ። በመጀመሪያው በር ላይ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ!» አሉ ባንድ ላይ። ከውስጥ ብርድ ልብስ ሲሳብ ተሰማ፤ አማቲቱ ተሸፋፈነች። ወደ ሁለተኛው በር አለፉ። እዚያ ዝም አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ወገባቸውን ትንሽ ሰበር አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ክፍተቱ አስጠጉ። ቁልፍ ሠሪው ከኋላቸው ቆሞ አያቸው። ገንዳውን ሲያዩም እንዲሁ ነበር የቆሙት።

«ቀለሟ ከባለፈው ተሻለ» አለች ፋርማሲስቷ በሹክሹክታ። «የኔ አባት ግን ቀለሙ እየሄደ ነው።»

«ያንቺም አባት?» አለ ቁልፍ ሠሪው።

ሴትየዋ ዞረች። ፊቷ ደግ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ደግ ፊት። «ብቻውን ነው ጋሼ። ቤቴ ሁለተኛ ሽማግሌ የለኝም። እሱን አናግረውና ከእርሳቸው ጋር ነው የማስተያየው።»

«እኔም አያቴን» አለ ጠጋኙ። «የሁላችንም ማነጻጸሪያ እርሳቸው ናቸው። ባለውለታችን ናቸው።» ከልቡ ነበር የተናገረው። ወደ ክፍተቱም ጎንበስ ብሎ ምስጋና የሚመስል እጅ ነሣ።

ቁልፍ ሠሪው ከኮሪደሩ መስቀያ የእህቱን ካፖርት አወረደ። በመካከላቸው አልፎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ተነሽ እታለም! እንሂድ!» አለ። መጮኹ አልነበረም፤ ግን በዚያ ኮሪደር ውስጥ መስታወት የተሰበረ ይመስል ሁሉም ደነገጡ። «ጋሼ! ተበላሸ!» አለ መምህሩ፤ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ። እህቱ ተነሣች። ቀላል ነበረች። ክንዷን በክንዱ ይዞ፣ ካፖርቱን አልብሶ፣ አንድ አንድ ቁልፍ ቆልፎላት በመካከላቸው አወጣት። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አሳለፏቸው። ሳሎኑ ላይ፣ ሰማያዊው ብርሃን ውስጥ፣ ጥርስ ሠሪው ቀድሞ መውጫው በር ፊት ቆመ። እጁን አልዘረጋም፣ አልገፋም። «ጋሼ፣ እባክህ። ትንሽ ነው የቀረን» አለ።

ያኔ እህቱ ተናገረች።

«አንተ ልጅ፣ ለምን ትበጠብጠዋለህ?» አለች ወንድሟን። ድምፁ ሻከር ያለ ነው፣ ቃሉ ግን ሙሉ ነው፤ አንድም ፊደል አልጎደለውም። «ይኼን ሁሉ ወር አፌን የያዝኩት ሥራው እንዳይበላሽበት ብዬ አይደለም እንዴ?»

ክንዷን አላቀቀች። ካፖርቱን ራሷ ፈታታ ሶፋው ላይ አኖረችው። ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች፤ ወንበሯም ሲንቋቋ ተሰማ።

«ምን አለች?» አለ ጥርስ ሠሪው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሰማው እሱ ሆኖ ሳለ። መምህሩ መለሰለት። «ታውቅ ነበር ማለት ነው» አለ፤ ፊቱ ነጭ ሆኖ። «ታውቅ ከነበረ ምንም አልለካንም።» ፋርማሲስቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ድንገት ጫማዋን ፈለገች፤ ማሰሪያውን ሳታስር፣ ቁራጮቿን ሳታነሣ፣ «አባቴ ብቻውን ነው» እያለች ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ሁለቱ ወንዶች ዕቃቸውን ሰብስበው ተከተሉ። ጠጋኙ ሳይቀልድ በሩን ከኋላው ዘጋ።

ጥርስ ሠሪው እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ። «እማዬ። አለቀ። ሙከራው አለቀ፣ ተይው። ተናገሪ።» እናቱ ራሱን ደባበሰችው። ፈገግ አለች። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ልጅ ሲያስቸግር ዝም እንደሚያሰኙት፣ በፍቅር። «አለቀ እኮ ነው የምልሽ! እናቴ! ስሜን ጥሪ እስቲ!» አላት። ጣቷን አላነሣችም። ሚስትየው መጣች፣ ለመነቻት። ቁልፍ ሠሪው ከበሩ ሆኖ «እታለም» አለ፣ ደግሞም «እታለም» አለ። እህቱ ሁሉንም በተራ እያየች ፈገግ ትላለች። አደራዋን እየጠበቀች ነው ወይስ ያ ዓረፍተ ነገር አጠራቅማ ያቆየችው የመጨረሻው ኖሯል፣ ከፊቷ ማወቅ አይቻልም። ከማዶው ክፍል አማቲቱ በግድግዳው በኩል «ማን ነው የሚጮኸው? ዛሬ እሷ ናት ተረኛዋ?» ስትል ተሰማ።

ቁልፍ ሠሪው ሲመሽበት ካፖርቱን መስቀያው ላይ መልሶ ወጣ። በጉልበት አይወስዳትም፤ እምቢ ብላዋለች። ሊሰማው የመጣውን ቃል ሰምቷል፤ ቁጣ ነው፣ ሙሉ ቃል ነው። አሁን ግን ሌላ ቃል ፈለገ፤ ይኼኛው የመጨረሻው አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ተራ ቃል። ከመንገዱ ማዶ ፌርማታው ላይ ቆመ። የእህቱ ክፍል መስኮት ከዚያ ይታያል። መጋረጃውን ገልጠውታል፤ መብራቱ በርቷል። የእህቱ ልጅ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። አፉ ይንቀሳቀሳል። ያወራል፣ ያቆማል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ያወራል። ቁልፍ ሠሪው እሱን አይደለም የሚያየው። የእሷን ከንፈር ነው።

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። «ይገባሉ አባባ?» አለ ሾፌሩ።

«ቆይ እስቲ አንዴ» አለ ሽማግሌው፤ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ።

ሾፌሩ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ በሩን ዘግቶ ሄደ።